ስልኩን ማን ያነሳል?

ስለ ሕክምና ምስጢር ሲነሣ ወዲያው የምናስበው ሐኪሙን ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ ታካሚው ያለበትን ዘርዝሮ፣ ሐኪሙም ሰምቶ ዝም የሚልበትን ክፍል። ታካሚው ጤና ጣቢያ ከሚያሳልፈው ጊዜ ግን ያ ክፍል የሚይዘው ጥቂቱን ነው። ወደዚያ ከመግባቱ በፊት በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ቆሞ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ጮክ ብሎ ተናግሯል፤ ከኋላው የተሰለፈውም ሁሉ ሰምቷል። ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ተራውን ጠብቋል፤ ወንበሩ ከየትኛው በር ፊት እንደተቀመጠ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ከሐኪሙ ሲወጣ የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ይዞራል፣ በመድኃኒት መስጫው መስኮትም አወሳሰዱ በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል ከፍ ባለ ድምፅ ይነገረዋል። ቤቱ ከገባ በኋላም ነገሩ አያበቃም፤ ቀጠሮ ካሳለፈ ይደወልለታል፣ ውጤቱ ከደረሰ ይላክለታል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ምስጢር የሚወጣበት ሰፊው በር ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ነው፤ በሩ የሚዘጋውም ተቋሙ ከታካሚው ጋር መነጋገሩን ትቶ ዝም በማለቱ ሳይሆን እንዴት እንነጋገር ብሎ ታካሚውን አስቀድሞ በመጠየቁ ነው።

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጉድለቱ እዚያ ነው ብዬ አላምንምና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ሲደነግግ በፖስታም ሆነ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን ጭምር አይደፈሬ አድርጎታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪሞችንና ነርሶችን ጨምሮ በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ያስቀጣል። በቅርቡ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። እነዚህ ድንጋጌዎች ምን እንደማይፈቀድ ይናገራሉ። አንዲት ነርስ ከሰዓት በኋላ ስልክ ደውላ «ሃሎ» ያላት የታካሚዋ ባል ሲሆን ምን ማለት እንዳለባት ግን አይነግሯትም፤ የሕግም ሥራ ይህ አይደለም። ይህን የሚወስነው ጤና ተቋሙ ራሱ የሚያወጣው አሠራር ነው። አሠራር በሌለበት ቦታ ነርሷ በገዛ ራሷ ዘዴኛነት ብቻ ትሠራለች፤ ዘዴኛ ያልሆነች ቀን ዋጋውን የሚከፍለው ታካሚው ነው።

እስቲ ስልኩን ራሱን እንየው። በታካሚው ካርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ስልክ ቁጥር» የሚል አንድ መስመር አለ። መስመሩ ቁጥሩ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። በአገራችን በብዙ ቤት ስልክ የአንድ ሰው ብቻ ንብረት አይደለም፤ እናት የልጇን ቁጥር ትሰጣለች፣ ከገጠር ለሕክምና የመጣው ያረፈበትን ዘመዱን፣ የቤት ሠራተኛዋ የአሠሪዋን፣ አዛውንቱ የጎረቤታቸውን። የራሱ ስልክ ያለውም ቢሆን ታክሲ ውስጥ ሰው መሀል ተጨናንቆ ሊያነሳው ይችላል፣ ወይም ቻርጅ ላይ ትቶት ወጥቷል። አጭር መልእክት ሲገባ ደግሞ ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን የመጀመሪያው መስመር ስክሪኑ ላይ ሊነበብ ይችላል። ደዋዩ ማን እንደሆነ በስም የሚያሳዩ አፕሊኬሽኖች ሲጨመሩበት፣ ነርሷ አንድ ቃል ሳትተነፍስ የክሊኒኩ ስም፣ ምናልባትም የክፍሉ ስም፣ ቀድሟት ደርሷል። ያልታሰበበት ጥሪ እንግዲህ በሁለት በኩል ይጎዳል። «ከጤና ጣቢያ ነው» ካለች የሰማው ይጠይቃል፤ ማንነቷን ካልተናገረች ደግሞ የባሰ ጥርጣሬ ታስነሣለች፤ ስሟን የማትናገር ሴት ለባለትዳር ወንድ ደጋግማ ስትደውል ሚስቱ ምን እንደምታስብ መገመት አያቅትም። የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎትን ውሰዱ። በኢትዮጵያ ከዘመናዊዎቹ የወሊድ መከላከያዎች በብዛት የሚሠራበት በየሦስት ወሩ በመርፌ የሚሰጠው ነው። አንዳንዷ ሴት መርፌውን የምትመርጠው ቤቷ ውስጥ የሚታይ ነገር ስለማያስቀር ነው፤ ክኒኑ ቢሆን ከትራስ ሥር ይገኛል። ይህችን ሴት «ቀጠሮሽ ደርሷል፣ ለመርፌው ነይ» የሚል መልእክት ብትልኩላት የመረጠችበትን ምክንያት አፈረሳችሁባት። ቀጥላ የምታደርገው ግልጽ ነው፦ ሌላ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ትሰጣለች፣ ወይም ከነጭራሹ ትቀራለች። ታካሚው ሲጠፋ «ግዴለሽ ነው» እንላለን፤ በደህና የሚጠራበት መንገድ ሰጥተነው እንደሆነ መጀመሪያ ማጣራት ነበረብን።

ነገሩ በሌላ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ጎረቤታችን ኬንያ አሳይታለች። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በጀመሩ 538 ሰዎች ላይ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ከታካሚዎቹ ለ273ቱ በየሳምንቱ አንድ አጭር መልእክት ይላክላቸው ነበር። መልእክቱ በስዋሂሊ «ማምቦ?» የሚል ብቻ ነው፤ ወዳጅ ለወዳጁ እንደሚለው ያለ ሰላምታ። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ቫይረስ ምንም አይልም። ታካሚው በሁለት ቀን ውስጥ ወይ ደህና ነኝ ወይ ችግር አለ ብሎ ይመልሳል፤ ችግር አለ ላለውና ዝም ላለው ነርስ ትደውላለች። መድኃኒታቸውን በሚገባ የወሰዱት መልእክቱ ከደረሳቸው 62 በመቶ፣ ካልደረሳቸው ደግሞ 50 በመቶ ሆኑ። በደማቸው ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በሚፈለገው ልክ የወረደላቸውም 57 በመቶ ለ48 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ተአምር አይደለም። በካሜሩን ያውንዴ በ200 ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት፣ የሚያበረታታ መልእክት በየሳምንቱ መላክ መድኃኒት በመውሰድ ረገድ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም ብሏል። ሁለቱን ጥናቶች የሚለያያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው ባይባልም፣ የኬንያው ታካሚው እንዲመልስ የሚጠብቅና መልሱን ተከትሎ ሰው የሚደውልበት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ለእኔ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። መልእክቱ ምንም ሳይናገር ሥራውን ሠራ። ምክንያቱም ተቋሙና ታካሚው ትርጉሙን ፊት ለፊት ተቀምጠው አስቀድመው ተስማምተውበታል፤ ሌላ ሰው ቢያነበው ሰላምታ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ለንደን ላይ እናገኘዋለን። 56 ዲን ስትሪት የሚባለው የታወቀ የአባላዘርና የኤችአይቪ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ለ781 ተገልጋዮቹ የዜና ደብዳቤ በኢሜይል ላከ። አድራሻዎቹ ተቀባዮቹ እርስ በርስ በማይተያዩበት ሳጥን መግባት ሲገባቸው ሁሉም በሚያያቸው ሳጥን ገቡ። ከ781ዱ አድራሻ 730ው ሙሉ ስም የያዘ ነበር። የብሪታንያ የመረጃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በቀጣዩ ዓመት 180,000 ፓውንድ ቅጣት ጣለ። የሚያስገርመው ቅጣቱ አይደለም። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ተቋም በ2010ም ለ17 ታካሚዎች መጠይቅ ሲልክ ይህንኑ ስሕተት ሠርቶ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የተሰረቀ ኮምፒውተር የለም፤ ጉቦ የበላ ሠራተኛ የለም። ደብዳቤው የተላከውም ለተገልጋዩ ሲባል ነበር። ምስጢር የማውጣት ቅርጹ በአብዛኛው እንደዚህ ነው ብዬ እፈራለሁ፦ ቸኩሎ፣ አገለግላለሁ ብሎ፣ አንድ ሳጥን ተሳስቶ። ፊንላንድ ውስጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ይሰጥ በነበረው ቫስታሞ ላይ እንደሆነው ዓይነት ዝርፊያ ሌላ ነው፤ እዚያ የ33,000 ያህል ሰዎች መዝገብ ተሰርቆ በ2020 ታካሚዎቹ ራሳቸው ገንዘብ አምጡ ተብለዋል። ያን ለመከላከል የኮምፒውተር ባለሙያ ያስፈልጋል። የለንደኑን ዓይነት ለመከላከል ግን «ላክ» የሚለውን ከመጫን በፊት ሁለተኛ ሰው እንዲያየው ማድረግ ይበቃ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ምስጢር የሚወጣበትን ዓይነተኛ መንገድ ቴሌግራም እያደረግነው ነው። የላብራቶሪ ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ መላክ ተለምዷል፤ ለታካሚው ምቹ ነው፣ ትራንስፖርትም ያተርፍለታል፣ ስለዚህ ይቅር አልልም። ነገር ግን ፎቶው በላኪው ሠራተኛ የግል ስልክ ላይ፣ ከልጁ የልደት ፎቶ ጎን፣ ይቀራል፤ ስልኩ ሲሸጥ ወይም ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ሐኪሞች ከባድ ሕመም ሲገጥማቸው የሙያ ጓደኞቻቸውን በቡድን የሚያማክሩበት ልማድም ለታካሚው ጠቃሚ ነው፤ ስሙና የካርድ ቁጥሩ ካልተሸፈነ ግን ምክክሩ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ለተቋሙ የተመዘገበ ስልክ፣ ከተላከ በኋላ የሚጠፋ ፎቶ፣ ከመላኩ በፊት የታካሚው እሺታ። ኮሪደሩም እንደዚሁ ነው። ስም በመጥራት ፋንታ ቁጥር መጥራት፣ በር ላይ የበሽታ ስም በመለጠፍ ፋንታ «ክፍል 7» ማለት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በእኛ አገር ስም ከነአባት ስም የሚመሳሰል ሰው ብዙ ነው፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው ተሰጥቶ እንዳይሳሳት ማንነትን ማጣራት ግድ ነው። የማጣራቱ ጥያቄ ራሱ ምስጢር እንዳያወጣ ታካሚው ይናገር ከማለት ካርዱን ያሳይ ማለት ይሻላል።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። አንዲት ነርስ ፊት የተኮለኮለውን ሰልፍ ያየ ሰው ይህን ተቃውሞ አያቃልለውም። ጊዜ የለም፣ ክፍል የለም፣ መጋረጃው እንኳ የሚታጠበው አልፎ አልፎ ነው። ግን የምጠይቀውን በልኩ እንመዝነው። ካርድ ሲወጣ ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ ይህን ስልክ ከእርስዎ ሌላ ማን ያነሳዋል? በየትኛው ሰዓት ብንደውል ይመችዎታል? ሌላ ሰው ቢያነሳው ማን ነን እንበል? መልሶቹ ስልክ ቁጥሩ አጠገብ ይጻፉ። ሰውየው «ከሥራ ቦታ ነው በሉ» ሊል ይችላል፤ ሴትዮዋ «አትደውሉ፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ» ልትል ትችላለች። ይህ ከአንድ ደቂቃ ብዙ የሚያልፍ አይመስለኝም። መስኮቱ ላይ ሰልፈኛው እየሰማ መጠየቅ ካልተቻለ የደም ግፊት በምትለካው ነርስ ዘንድ ይጠየቅ። አሁን የጠፋ ታካሚ ፍለጋ የሚወስደውን ጊዜ አስቡት፦ ደጋግሞ መደወል፣ ቤት ለቤት መሄድ፣ ጎረቤት መጠየቅ። ጎረቤት መጠየቅ ደግሞ ያው ምስጢር ማውጣት ነው። መድኃኒት ያቋረጠ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ መድኃኒት የተላመደ ተሕዋስ ይዞ ቢመለስ የሚጠይቀው ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ነው። ድህነቱ እንግዲህ የሚመክረው ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህል የሚመጣ ነው፣ እኔም የማከብረው ነው። እኛ አገር ታማሚ ብቻውን አይታመምም። አስታማሚው አብሮት ያድራል፣ የሕክምናውን ወጪ ወንድም ይከፍላል፣ ዕድርተኛው ይጠይቀዋል። እንዲህ ባለ ኅብረተሰብ «የግል» የሚባል ነገር ከየት መጣ ይባላል። ከዚህ የተነሣ ከባድ በሽታ ሲገኝ ለታካሚው ሳይነገር ለቤተሰቡ ብቻ የሚነገርበት ልማድ አለን፤ ሰውየው የራሱን ሕመም ከሁሉ መጨረሻ ይሰማል። ቤተሰቡ ይህን የሚያደርገው ሊጎዳው ብሎ አይደለም። ነገር ግን ልማዱ የቤተሰቡን ፍቅር ከታካሚው ፈቃድ ጋር ያምታታል። ቤተሰቡን ማስገባትና ማስወጣት የታካሚው ሥልጣን ነው፤ ሐኪሙ ቤተሰብ እንዳለ ሁሉ ቤተሰቡን የሚፈራ ሰው እንዳለም ማወቅ አለበት። አብዛኛው ታካሚ ቢጠየቅ «ለልጄ ንገሯት» ይላል ብዬ እገምታለሁ። እንግዲያው መጠየቁ ከባህሉ የሚቀንስበት ነገር የለም፤ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ቤተሰቡን ቢጠራ እንኳ አሥረኛዋ በዝምታ ትጠበቃለች። ደግሞም ምስጢር መጠበቅ ለዚህ ኅብረተሰብ እንግዳ ነው የሚለውን አልቀበልም። ንስሐ የሚሰማ ካህን የሰማውን እንዳያወጣ የሚጠብቅ ሕዝብ የምስጢርን ዋጋ ከማንም አልተማረም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ሁሉ ነገር በምስጢር ሲያዝ በሽታው ራሱ ነውር መሆኑን እናጸናለን፣ መገለሉም ይቀጥላል ይላሉ። እውነት አለው። ኤችአይቪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አገራችን መግባቱ ከታወቀ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሹክሹክታ ነበር የሚወራው። ያን ዝምታ ከሰበሩት መካከል በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ መቅድምና የተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት ተሰባስበው ፊታቸውን ለሕዝብ ያሳዩ፣ ስማቸውን የተናገሩ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው ገና በ2005 በመሆኑ የተናገሩት ተስፋው በጠበበበት ዘመን ነበር። ታዲያ የእነዚህ ሰዎች ንግግር ኃይል ያገኘው ከምንድን ነው? ራሳቸው ስለተናገሩት ነው። ያንኑ ወሬ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ለሰፈሩ ቢያወራው ኖሮ መገለልን ባባሰ እንጂ ባልሰበረ። ራሱን የሚገልጥ ሰው የሚገልጥበትን ቀን፣ ቦታና ቃል ይመርጣል፤ ምስጢር የሚጠብቅለት ተቋም ይህን ምርጫ ያቆይለታል። ምሳሌያዊው አነጋገርም ቢሆን የሚናገረው ከባለመድኃኒቱ ስለሚደበቅ በሽታ ነው። ሰው ለባለመድኃኒቱ እንዲገልጥ የምንፈልግ ከሆነ፣ ባለመድኃኒቱ ጋ የገባው ነገር እዚያው እንደሚቀር ማመን አለበት።

የሕዝብ ጤናን ጉዳይ በአጭሩ ልንካው። ተላላፊ በሽታ ሲሆን መንግሥት ማወቅ አለበት፣ ከታካሚው ጋር የተነካኩ ሰዎችም መፈለግ አለባቸው፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ለጤና ቢሮ ሪፖርት ማድረግና ለጎረቤት ማሳወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሊመረመር የሚገባውን ሰው «ለበሽታው ሳትጋለጥ አትቀርም፣ ተመርመር» ለማለት በማን በኩል እንደተጋለጠ መናገር አያስፈልግም። ሰውየው ይገምት ይሆናል፤ ግምቱን ማስቆም አይቻልም፣ ማረጋገጫውን አለመስጠት ግን ይቻላል። ታካሚውም ስሜ አይጠራም ብሎ ካላመነ የሌሎቹን ስም አይሰጥም፤ ስለዚህ ፍለጋው ራሱ በምስጢር ላይ የቆመ ነው።

ምስጢር የመጠበቁ ነገር ባሕር ማዶ ላሉት ወገኖቻችን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለ ክሊኒክ እንግሊዝኛ የማትችል እናትን ሲያክም ቀላሉ መንገድ አብሯት የመጣውን የ12 ዓመት ልጇን «ንገራት» ማለት ነው። ልጁ የእናቱን የማህፀን ሕመም በሁለት ቋንቋ ተሸክሞ ይወጣል፤ እናትየውም በልጇ ፊት ልትናገር የማትችለውን ትውጠዋለች፣ ሐኪሙም የሚያክመው የተነገረውን ብቻ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአስተርጓሚነት መጠቀምን ከልክሏል። ይሁንና አማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ጥቂትና የተቀራረበ ስለሆነ፣ ሙያተኛው አስተርጓሚም በር ከፍቶ ሲገባ በእሑድ ቅዳሴ የምታየው ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እሱ የሙያ ግዴታውን ያውቃል፣ ሊያወራ አይችልም፤ እሷ ግን ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም ሐኪሙ ዘንድ «ሌላ ቅሬታ የላትም» ተብሎ ይመዘገባል። የስልክ አስተርጓሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በመለያ ቁጥር ነው፤ ከሌላ ግዛት ሆነው፣ ፊት ሳይታይ። እንዲህ ያለው አስተርጓሚ እንዳለ ታካሚዋ የምታውቀው ግን ከቀጠሮው በፊት፣ በአማርኛ፣ «ፊት ለፊት ወይስ በስልክ ይሻልዎታል?» ተብላ ስትጠየቅ ነው።